ጠባቡን አስቀድሙ፦ ኢልቦለድ መጽሐፍ ስትመርጡ

«ጥሩ ኢልቦለድ መጽሐፍ ጠቁሙኝ» ላለ ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁሉም የሚያውቃቸው አምስት ስድስት ርዕሶች ይደረደሩለታል። መጻሕፍቱ መጥፎ ሆነው አይደለም። ግን ስፋታቸው ለጉድ ነው። አንዱ የሰው ልጅን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳል። ሌላው የአእምሮን አሠራር። ሌላው ደግሞ ሕዋን ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ። አንባቢው በጉጉት ይጀምራል፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይደክመዋል፣ ከዚያ መጽሐፉ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። በመጨረሻ «ኢልቦለድ የኔ ነገር አይደለም» ብሎ ይደመድማል።

እኔ ስጠየቅ የምለው ሌላ ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ጥሩ መጽሐፍ ካለ ጠባቡን አስቀድሙ። ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ጓደኝነት የተጻፈውን። ሰፊው የትም አይሄድም፣ በኋላ ይደረስበታል። ይህ የማይሠራበት ጊዜም አለ፤ ስንደርስ እናየዋለን።

ከዚህ በታች መጻሕፍቱን አጠገብ ላጠገብ እያስቀመጥኩ አወዳድራለሁ። ስትፈልጉ በቀላሉ እንድታገኟቸው ብዬ ርዕሶቹን በእንግሊዝኛ እንደሚጠሩት ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ካንሰር፦ አንዲት እናት ወይስ ሙሉው ታሪክ?

2010 ላይ ስለ ካንሰር ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት ወጡ። የሬቤካ ስክሉት «ዘ ኢሞርታል ላይፍ ኦቭ ሄንሪዬታ ላክስ» እና የሲዳርታ ሙከርጂ «ዚ ኤምፐረር ኦቭ ኦል ማላዲስ»። ለንጽጽር ከነዚህ የተሻለ ጥንድ አላውቅም።

ሄንሪዬታ ላክስ ከትምባሆ ገበሬ ቤተሰብ የወጣች ጥቁር አሜሪካዊት እናት ነበረች። 1951 ላይ በ31 ዓመቷ በማኅፀን በር ካንሰር ሞተች። የታከመችው ባልቲሞር ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። እዚያ ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ ናሙና ተወሰደ። በዚያን ጊዜ የሰው ሕዋስ ከአካል ውጪ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። የሷ ግን መባዛቱን አላቆመም። «ሂላ» የሚል ስም ወጣለትና በዓለም ላቦራቶሪዎች ተሰራጨ። የፖሊዮ ክትባት ሲፈተሽ አገልግሏል። ልጆቿ ይህን የሰሙት እሷ ከሞተች ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የእናታቸው ሕዋስ ሲሸጥ ሲለወጥ፣ እነሱ ለጤና መድን የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም።

ስክሉት ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። ሲነበብም ያስታውቃል። ሕዋስን ላቦራቶሪ ውስጥ ስለ ማሳደግ፣ ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር፣ ስለ ዘር መድልዎ ትማራላችሁ፤ ግን እየተማራችሁ መሆኑ አይታወቃችሁም። የምትከታተሉት አንድ ቤተሰብ ነው። ደራሲዋ ራሷ ታሪኩ ውስጥ መግባቷ የማይጥማቸው አንባቢዎች አሉ። እኔ አልተቸገርኩበትም። ያለሷ ቤተሰቡ ምን ያህል ሰው ማመን እንዳቃተው አይታይም ነበር።

ሙከርጂ የካንሰር ሐኪም ነው። መጽሐፉ ከጥንታዊት ግብፅ ፓፒረስ ተነሥቶ እስከ ዘመናችን መድኃኒቶች ይዘልቃል፤ 2011 ላይ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። አጻጻፉ ግሩም ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲድኒ ፋርበር የሚባል ሐኪም ሉኬሚያ (የደም ካንሰር) የያዛቸውን ሕፃናት ለማከም የሞከረበት ክፍል ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ነገር ግን የሰው ስም፣ የመድኃኒት ስምና የሙከራ ስም ይደራረባል። እየቆሙ ወደኋላ መመለስ ግድ ነው።

ስለዚህ ስክሉት ትቅደም። ካልሆነ ደግሞ እነሆ የመጀመሪያው ልዩ ሁኔታ፦ ቤታችሁ ውስጥ ታማሚ ካለና «ኬሞው ለምን እንዲህ ይሰጣል? ቀዶ ሕክምናው ለምን በዚህ ልክ ሆነ?» የሚል ጥያቄ ካላችሁ፣ ቀጥታ ወደ ሙከርጂ ሂዱ። ብቻ 2010 ላይ መታተሙን አትርሱ። የሰውነትን በሽታ መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያስነሡት ሕክምናዎች፣ 2018 ላይ የኖቤል ሽልማት ያስገኙት ማለት ነው፣ በስፋት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ሞትስ? እዚህም ጥንድ አለ። ፖል ካላኒቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። በ36 ዓመቱ የሳንባ ካንሰር ተገኘበት፣ 2015 ላይ ሞተ። «ዌን ብሬዝ ቢካምስ ኤይር» በቀጣዩ ዓመት ወጣ፤ የመጨረሻውን ክፍል የጻፈችው ሚስቱ ናት። አጭር ነው፣ ያስለቅሳል። የአቱል ጋዋንዴ «ቢይንግ ሞርታል» (2014) ግን ይጠቅማል። አብዛኛው ሰው ካላኒቲን ይመርጣል። እኔ እዚህ ላይ የራሴን ሕግ ጥሼ ጋዋንዴን አስቀድማለሁ። ያረጀ ወላጅ ያለው ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ተጽፈው ይገኛሉና፦ በጣም የምትፈራው ምንድን ነው? ምን ብታጣ መኖር ይበቃኛል ትላለህ? ደረቅ መጽሐፍ ነው ብላችሁ ደግሞ አትፍሩ። ቢል ቶማስ የሚባል ሐኪም አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሁለት ውሻ፣ አራት ድመትና አንድ መቶ ወፍ ያስገባበት ታሪክ አለ። ወፎቹ ከጎጇቸው ቀድመው ደረሱ። የሆነውን ገምቱ።

እውነት ነው የተባለው ምን ያህል እውነት ነው?

ኢልቦለድ ስንመርጥ ብዙዎቻችን የማንጠይቀው ጥያቄ ይሄ ነው። «እውነተኛ ታሪክ» ከተባለ እናምናለን። ሁለት መጽሐፍ አንድ ላይ ብታነቡ ዓይናችሁ ይከፈታል።

የመጀመሪያው የጆን ኸርሲ «ሂሮሺማ» ነው። ነሐሴ 1946 ላይ «ዘ ኒውዮርከር» የተባለው መጽሔት የአንድ ሳምንት ሙሉ ዕትሙን ለዚህ አንድ ጽሑፍ ሰጠው። ኸርሲ ስለ ጦርነቱ ፖለቲካ አያወራም። ከቦምቡ የተረፉ ስድስት ሰዎችን ይከተላል፦ ሁለት ሐኪሞች፣ አንድ ፓስተር፣ አንድ ጀርመናዊ ካህን፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ልብስ ሰፊ፣ እና አንዲት የፋብሪካ ጸሐፊ። ጸሐፊዋ ቢሮዋ ውስጥ እንደተቀመጠች የመጽሐፍ መደርደሪያው ወደቀባት። ኸርሲ ድምፁን ከፍ አያደርግም። «አሰቃቂ» የሚል ቃል ለመጻፍ አይቸኩልም። ያዩትን፣ የሰሙትንና ያደረጉትን ብቻ በተራ ያስቀምጣል። 1985 ላይ ተመልሶ ሰዎቹ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደኖሩ የሚናገር ምዕራፍ ጨመረበት፤ ስትፈልጉ ይህ ምዕራፍ ያለበትን ዕትም ፈልጉ።

ሁለተኛው የትሩማን ካፖቴ «ኢን ኮልድ ብለድ» ነው፣ 1966። ካንሳስ ውስጥ 1959 ላይ አራት የክላተር ቤተሰብ አባላት ተገደሉ። ካፖቴ ወደ ከተማዋ ሄዶ ዓመታት ፈጅቶ ገዳዮቹን ጭምር አነጋገረ። እንደ ታሪክ ከኸርሲ ይበልጥ ይይዛል። ሌሊት የጀመረ ሰው ሳይጨርስ አይተኛም። ደራሲው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው ብሎ ነበር። ግን ቃለ ምልልሶቹን በመቅረጸ ድምፅ አልቀዳም፤ በማስታወስ ችሎታው ይተማመን ነበር። መርማሪው በመቃብር ስፍራ ከሟቿ ልጅ ጓደኛ ጋር የሚገናኝበት የመዝጊያ ትዕይንት ደግሞ የፈጠራ መሆኑ በኋላ ታወቀ።

የቱን ልምረጥ ካላችሁ፣ ኸርሲን። ካፖቴን አታንብቡ ማለቴ አይደለም፤ እንደ ልብ ወለድ ቁጠሩትና አንብቡት፣ ይጣፍጣል። ግን ስለሆነ ነገር ማወቅ የፈለገ ሰው የሆነውን ብቻ የሚነግረውን ይምረጥ።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ልማድ ልንገራችሁ። መጽሐፉን ከጀርባ ክፈቱት። መጨረሻ ላይ ምንጮቹ ተዘርዝረዋል? ማን መቼ ምን እንዳለ ተጽፏል? የስም ማውጫ አለ? ይህ ሁሉ ከሌለና ደራሲው ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው በልቡ ያሰበውን በትምህርተ ጥቅስ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ጠርጥሩ። ሽፋኑ ላይ የታዋቂ ሰው ምስጋና መኖሩ ምንም አይነግራችሁም። ከመሀል አንድ ገጽ ማንበብ ግን ብዙ ይነግራል። መግቢያ ላይ ሁሉም ደራሲ ጎበዝ ነው።

ስለ አእምሮ፦ ሁለቱ ጓደኛሞች ወይስ ንድፈ ሐሳባቸው?

የዳንኤል ካህነማን «ቲንኪንግ፣ ፋስት ኤንድ ስሎው» (2011) ተጀምረው ካልተጨረሱ መጻሕፍት ተርታ ሳይመደብ አይቀርም። ካህነማን የሥነ ልቦና ሰው ሆኖ 2002 ላይ በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመ ነው። አእምሯችን ፈጣንና ዝግተኛ በሆኑ ሁለት መንገዶች ይሠራል ይላል። ፈጣኑ እንዴት እንደሚያሳስተን በሙከራ እየደገፈ ያሳያል። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ሙከራው ብዙ ነው፣ መሀሉ ላይ ያደክማል።

ማይክል ሉዊስ «ዚ አንዱዊንግ ፕሮጀክት» (2016) ውስጥ ያንኑ ሐሳብ በሌላ በር ያስገባችኋል። ታሪኩ የካህነማንና የአሞስ ትቨርስኪ ጓደኝነት ነው። አንዱ በልጅነቱ ፈረንሳይ ውስጥ ከናዚዎች ሲደበቅ ያደገ፣ ሁሌ ራሱን የሚጠራጠር። ሌላው ደፋር፣ የፓራሹት ወታደር የነበረ፣ ክፍል ሲገባ ሁሉም የሚያዳምጠው። ተዘግተው ለሰዓታት ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ። የመጀመሪያው ጽሑፋቸው ላይ የማን ስም ይቅደም የሚለውን ሳንቲም ጥለው ወሰኑ። በኋላ ደግሞ ክብሩ ወደ አንዱ ማዘንበል ሲጀምር ጓደኝነቱ ይሻክራል። እዚህ ላይ መጽሐፉ የሳይንስ ነው ወይስ የፍቅር ብላችሁ ትጠይቃላችሁ።

ሉዊስ ይቅደም። የካህነማንን ምዕራፎች ከዚያ በኋላ ስታነቡ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ከጀርባው ሁለት ሰዎች ይኖሩታል። ካህነማንን በቅደም ተከተል ለመጨረስም አትጨነቁ፣ የማረካችሁን ምዕራፍ እየመረጣችሁ አንብቡ። አራተኛውን ምዕራፍ ግን በጥንቃቄ። እዚያ ከተጠቀሱት ጥናቶች አንዳንዶቹ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲደግሟቸው ያንኑ ውጤት አልሰጡም። ካህነማን ራሱ 2017 ላይ፣ በትናንሽ ጥናቶች ላይ ከሚገባው በላይ እምነት ጥዬ ነበር ሲል በይፋ አምኗል። እንዲህ የሚል ደራሲ ስንት አለ? ለእኔ ይህ የመጽሐፉን ክብር ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

የሰው ልጅ ታሪክ በሙሉ

እዚህ ጠባብ የሚባል የለም። ሁሉም ሰፊ ናቸው። ቢሆንም ይለያያሉ።

የጃሬድ ዳይመንድ «ገንስ፣ ጀርምስ ኤንድ ስቲል» (1997) በአንድ ጥያቄ ይነሣል። 1972 ላይ ኒው ጊኒ ውስጥ ያሊ የሚባል ፖለቲከኛ ደራሲውን ጠየቀው። እናንተ ነጮች ይህን ሁሉ ዕቃ ስታመጡ እኛ ለምን የራሳችን ጥቂት ሆነ? መጽሐፉ ሙሉ ለሙሉ መልስ ፍለጋ ነው። እህል፣ እንስሳ፣ በሽታ፣ የአህጉራት አቀማመጥ። መልሱ ሁሉንም በመልክዓ ምድር ያላክካል የሚል ብርቱ ትችት አለበት፣ ትችቱም ሚዛን ይደፋል። ግን ክርክሩ ደረጃ በደረጃ ስለሚሄድ የት ላይ እንደማትስማሙ ማወቅ ትችላላችሁ።

የዩቫል ኖኅ ሐራሪ «ሳፒየንስ» መጀመሪያ 2011 ላይ በዕብራይስጥ፣ 2014 ላይ በእንግሊዝኛ ወጣ። ከሁሉም ይበልጥ ይፈስሳል። ገንዘብ፣ ኩባንያና ሕግ አብረን ያመንናቸው ታሪኮች ናቸው የሚለው ሐሳብ አንዴ ከገባችሁ አይለቃችሁም። ድክመቱ እርግጠኝነቱ ነው። ሊቃውንት የሚከራከሩበትን ነገር እንደተዘጋ ጉዳይ ያልፈዋል። በዚህ ላይ የዴቪድ ግሬበርና የዴቪድ ዌንግሮው «ዘ ዶውን ኦቭ ኤቭሪቲንግ» (2021) ሁለቱንም ይሞግታል። የጥንት ሰዎች ከአደን ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ንጉሥ በአንድ መንገድ አልሄዱም፤ ይሞክሩ፣ ይተዉ፣ ይቀያይሩ ነበር ይላል። ከ600 ገጽ በላይ ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ለመዝናናት ከሆነ ሐራሪ። ለመከራከር ከሆነ ዳይመንድ። ከሁለቱ አንዱን አንብባችሁ «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?» ካላችሁ ደግሞ ሦስተኛው የናንተ ነው።

ግለ ታሪክ፦ መሪው ወይስ ልጁ?

የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ ሥርዓት፣ አፓርታይድን፣ ለማወቅ ብዙ ሰው ወደ ኔልሰን ማንዴላ «ሎንግ ዎክ ቱ ፍሪደም» (1994) ይሄዳል። ትክክል ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሮቢን ደሴት እስር ቤት ውስጥ በድብቅ ጽፎታል። ቅጂው በእስረኛ ጓዱ ተደብቆ ወጣ፣ ግቢው ውስጥ የቀበሩት ግን ተገኘባቸውና ለዓመታት የትምህርት ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። የእስር ቤቱ ክፍል ድንቅ ነው። የድርጅትና የስብሰባ ገጾች ግን ይበዛሉ።

የኮሜዲያኑ ትሬቨር ኖኅ የልጅነት ታሪክ፣ «ቦርን ኤ ክራይም» (2016)፣ ያንኑ ሥርዓት ከታች ያሳያችኋል። እናቱ ጥቁር፣ አባቱ ነጭ ናቸው። በወቅቱ ሕግ መወለዱ ራሱ የወንጀል ማስረጃ ነበር። ያስቃል፣ ሆድ እስኪያመን። በሳቁ መሀል ሕጉ አንድን ቤተሰብ እንዴት እንደሚበታትን ይገባናል። የመጽሐፉ ጀግና ደግሞ እናቱ ናት። ለጀማሪ፣ በተለይ ለወጣት፣ ያለ ማመንታት ይሄኛውን እሰጣለሁ።

ከናዚ ካምፕ የተረፉ ሰዎች ከጻፏቸውስ? ቪክቶር ፍራንክል «ማንስ ሰርች ፎር ሚኒንግ»ን (1946) በዘጠኝ ቀን ነው ያስጻፈው። በየአነቃቂ ንግግሩ የሚጠቀሰው እሱ ነው፣ ሐዘን ላይ ያለን ሰውም በእርግጥ ያበረታል። የፕሪሞ ሌቪ «ኢፍ ዚስ ኢዝ ኤ ማን» (1947) ግን ይበልጣል ባይ ነኝ። ሌቪ ኬሚስት ነበር፤ እንደ ኬሚስት ያያል። ዳቦ በምን እንደሚለወጥ፣ ማን ለምን እንደሚተርፍ፣ ጥሩነት ብቻውን ለምን እንደማያድን። ትርጉም ሊሰጣችሁ አይቸኩልም። ስብከት የማይወድ አንባቢ ሌቪን ይወዳል።

አነቃቂ መጻሕፍት

እዚህ ብዙ አልቆይም። አብዛኞቹ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ሐሳብ ሦስት መቶ ገጽ ላይ የተዘረጋባቸው ናቸው። ስለ ልማድ ከሆነ ነገ ጠዋት አንድ ነገር መጀመር የፈለገ የጄምስ ክሊርን «አቶሚክ ሃቢትስ» (2018) ይያዝ፤ ታሪክ የሚወድ የቻርልስ ዱሂግን «ዘ ፓወር ኦቭ ሃቢት» (2012)። ሁለቱንም ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው። ስለ ገንዘብ የሞርጋን ሃውሰል «ዘ ሳይኮሎጂ ኦቭ መኒ» (2020) ከ«ሪች ዳድ ፑር ዳድ» (1997) ይሻላል። የሃውሰል ምሳሌዎች የሚታወቁ ሰዎች ናቸው፤ ለምሳሌ በነዳጅ ማደያና በጽዳት ሠራተኛነት ኖሮ ሲሞት ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተገኘለት ሮናልድ ሪድ። የሌላኛው «ሀብታም አባት» ግን በእርግጥ የኖረ ሰው ነው ወይ የሚለው ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

ሳይንስ፦ መቼ እንደታተመ እዩ

የስቲቨን ሆኪንግ «ኤ ብሪፍ ሂስትሪ ኦቭ ታይም» (1988) ውስጥ ያለው ቀመር አንድ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ቀላል አይደለም። ሆኪንግን ካልተዋችሁ 2005 ላይ ከሊዮናርድ ምሎዲኖው ጋር ያሳጠረውን «ኤ ብሪፈር ሂስትሪ ኦቭ ታይም» ያዙ። ጊዜ የሌለው ሰው የካርሎ ሮቬሊን «ሰቨን ብሪፍ ሌሰንስ ኦን ፊዚክስ» በአንድ ምሽት ይጨርሳል፤ ሰባት አጫጭር ትምህርቶች ናቸው፣ ከጋዜጣ ጽሑፍ የተነሡ።

የኔ ምርጫ ግን የቢል ብራይሰን «ኤ ሾርት ሂስትሪ ኦቭ ኒርሊ ኤቭሪቲንግ» (2003) ነው። ርዕሱ ሰፊ ነው፣ ሕጌን ያፈርሳል። ውስጡ ግን በጠባብ ታሪኮች የተሞላ ነው። ብራይሰን ሳይንቲስት አይደለም፤ የሚያስገርመው ሳይንቲስቶቹ ያወቁትን እንዴት እንዳወቁት ነው። ፈረንሳዊው ለ ዣንቲ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት 1760 ላይ ወደ ሕንድ ተጓዘ። ዕለቱ ሲደርስ ገና ባሕር ላይ ነበር፣ መርከቡ ስለሚወዛወዝ መለካት አልቻለም። ቀጣዩን ለማየት ስምንት ዓመት ጠበቀ። ቀኑ ደረሰ፣ ደመና ሸፈነው። አገሩ ሲመለስ ሞተሃል ተብሎ ዘመዶቹ ንብረቱን ተቀራምተውታል።

የ2003ቱን ዕትም ስትይዙ ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተራ የወጣችው 2006 ላይ፣ ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት የተገኘው 2012 ላይ፣ የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለካው 2015 ላይ መሆኑን አስቡ። ስለነዚህ የሚለውን እለፉት። ስለ ለ ዣንቲ የሚለው አልተለወጠም።